ጧሪ አከራዩ

እኔ ከጥንትም ጠርጣራ ሰው ነኝ። ሰው ከሩቅ አይቶኝ ፈገግ ካለ ኪሴን እዳብሳለሁ። «እንደምን አደርህ» ያለኝን ሰው «ምን ፈልጎ ይሆን?» እያልሁ እስከ ቀትር ሳሰላስል እውላለሁ። ባለቤቴ «እስቲ ወጡን ቅመስልኝ» ስትለኝ እንኳ መጀመሪያ እሷ ስትቀምስ ካላየሁ አልነካውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የጎንደር ሰው ሁሉ እኔን ሲጠረጥር እያያችሁ «አይ ምስኪን» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። ጠርጣራን ጠርጣራ ቢገጥመው ምን ይደንቃል? አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለውናል። ጠርጥሮም የተመነጠረውን ሰው ግን ምን እንደሚሉት ሳይነግሩን ነው የሞቱ።

ነገሩ የጀመረው በእሳት ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው፤ አራዳ ከሱቆቹ ጀርባ እኖር ነበር። ከቤቴ አጠገብ፣ ከአንዲት የድንጋይ አጥር ማዶ፣ እማሆይ በላይነሽ የሚባሉ ዓይነ ስውር መነኩሲት አሉ። ባላቸው ቀድሞ ሞቷል። አንድ ልጃቸው በጠላት ጊዜ ወደ አርማጭሆ በረሃ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ዘመድ የሚሉት የላቸውም። ጧት ጧት፣ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ድምፃቸው አጥሩን ተሻግሮ ይመጣል።

«አንተ ልጅ! እሳት ጫርልኝ!»

ልጅ የሚሉኝ እኔ ያን ጊዜ ጢሜ ሽበት መዝራት ጀምሯል። የሸክላ ስባሪ ገሌን ይዤ፣ ከምድጃችን ፍም ዝቄ፣ አጥሩን ዞሬ እሄዳለሁ። እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ውሃ መቅዳት አለ። ከውሃው በኋላ የሚያፈስስ ጣራ አለ። ከጣራው በኋላ ወሬ አለ፤ ከሁሉ የሚረዝመው እሱ ነው። እምቢ እንዳልል ዓይን የላቸውም። ባዳ ናቸው እንዳልል ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የማውቃቸው ናቸው። እንዲሁ እያጉረመረምሁ እጭራለሁ።

አንድ ቀን ፍሙን እፍ እፍ ስል፣ ጭሱ ዓይኔን ሲለበልበኝ፣ ሐሳብ መጣልኝ። በጭስ መሐል የመጣ ሐሳብ እንደማይታመን ማን በነገረኝ! ጣልያን ሳለ የሆስፒታል ዘበኛ ነበርሁ። እዚያ ዘመዳቸው ያልሆነውን በሽተኛ በደመወዝ የሚያጥቡ፣ የሚያጎርሱ ሴቶች አይቻለሁ። በጎንደር ደግሞ እንደ እማሆይ ያለ ሽማግሌ፣ ዓይነ ስውር፣ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ሞልቷል። ባሏን ጦርነት በልቶባት ሥራ ያጣች ሴትም ሞልታለች። ደላላ በሬን ከገበሬ ያገናኝ የለም ወይ? እኔም እነዚህን ከእነዚያ ባገናኝ ምን ክፋት አለው? እኔም እሳት ከመጫር እገላገላለሁ፤ ዋናው ነገር እሱ ነበር።

አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁና በሯ ላይ ሰሌዳ ሰቀልሁ። «ለአረጋውያንና ለአካለ ስንኩላን የቤት ሥራ ረዳት እናቀርባለን» ይላል። ሰው እየቆመ ያነባል፤ ማንበብ የማይችለው ያስነብባል፤ ከዚያ ሁሉም እኔን ከእግር እስከ ራሴ ያየኛል። አንዱ «ሽማግሌዎቹን መዝግቦ ግብር ሊያስጥልባቸው ነው» አለ። ሌላው «ይኸማ ከጣልያን የተማረው ነው፤ ደግ ነገር ቢሆን ጣልያን ያስተምረው ነበር?» አለ። አንድ ዲያቆን ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ አማትቦ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ «ጧሪ አከራይ» የሚል ስም ወጣልኝ። ስሙን ማን እንዳወጣው አጥብቄ መረመርሁ። ባለቤቴ ሆና ተገኘች።

መጀመሪያ የቀጠርኋት ሴት ላቀች ትባላለች። የዳባት ሰው ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ቁመተ ረዥም፣ ክንደ ብርቱ። ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የገዛችውን ትልቅ እንስራ አዝላ መጥታ በሬ ላይ ቆመች።

«ሥራ አለ አሉኝ» አለች።

«አለ። ደመወዙን አትጠይቂም?»

«ከሠራሁ ይሰጡኝ የለ።»

ደመወዝ የማትጠይቅ ሴት! ጠረጠርኋት። ሌባ ብትሆን ነው አልሁ። ግን ሌላ የመጣ ሰው አልነበረምና ያንለት ይዣት ወደ እማሆይ ሄድሁ።

እማሆይ የላቀችን እጅ ይዘው መዳፏን በጣታቸው ዳበሱት።

«እጇ ሸጋ ነው፤ የሥራ እጅ ነው» አሉ። ቀጥለው ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት አዞሩ። «ምነው ታዲያ አመጣሃት? እሳት መጫሩ ሰለቸህ?»

«ኧረ እማሆይ! ምን ቆርጦኝ!»

«እንግዲያማ አንተው ጫር።»

ነገሩ በዚሁ አለቀ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት እኔ ነበርሁ። የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ሰሌዳ አለኝ፤ ሠራተኛ አለችኝ፤ ጧት ጧት እሳት መጫሬም አልቀረልኝም።

ኋላ አያ ገሠሠ ላኩብኝ። አያ ገሠሠ ከበቅሎ ወድቀው ወገባቸው ከተሰበረ ጀምሮ ከአልጋ የማይወርዱ ሽማግሌ ናቸው። ጥሩ የድንጋይ ቤት አላቸው፤ ምድር ቤቱን ለሻይ ቤት አከራይተው በእሱ ይኖራሉ። የእህታቸው ልጅ አስማረ ሳንጃ ወርዶ ሰሊጥ ያርሳል፣ ይነግዳል። የወንድማቸው ልጅ ብርቄ አዘዞ ባል አግብታለች። ሁለቱም እግራቸው ከዚያ ቤት ከራቀ ዘመን የለውም። ሽማግሌው ሻይ ቤቱ የተረፈውን ዳቦ ሲልክላቸው ይበላሉ፤ ሲረሳቸው ጾም ነው ብለው ያድራሉ።

ላቀች እንስራዋን አዝላ ገባች። ቤቱን ጠረገች፣ ልብሳቸውን አጠበች፣ ትኩስ ሽሮ አቀረበች። አያ ገሠሠ ሲጎርሱ እንባቸው መጣ። እኔም ደጅ ቆሜ ደስ አለኝ። ደስታዬንም ወዲያው ጠረጠርሁት፤ ልክ ነበርሁ።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር ሰው ሲያረጅ የጦረው፣ ሲሞት የቀበረው፣ ይወርሰዋል። ሥጋ ዘመድ ባይሆንም «እኔ ነኝ ጧሪው፣ እኔ ነኝ ቀባሪው» ብሎ ምስክር ካቆመ ዳኛ ይሰማዋል። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ግን ሽሮውን የሠራች ላቀች፣ ደመወዟን የሚሰጡ ራሳቸው አያ ገሠሠ፣ እኔ መሐል የቆምሁ ደላላ፤ ይህ ከጧሪነት ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ ነበር። አገሬን አውቃለሁ እያልሁ ያገሬን ሰው ረሳሁት።

ብርቄ በማግስቱ ከአዘዞ ደረሰች። ከበሩ ጀምራ «አጎቴ! አጎቴ!» እያለች ስታለቅስ ሰፈሩ ሽማግሌው የሞቱ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። አስማረ ደግሞ ወሬው ሳንጃ ሲደርሰው ሰሊጡን ጥሎ በጭነት ማኪና ላይ ተሳፍሮ፣ አቧራ ለብሶ ገባ። ላቀችን «ውጪ ውጪ!» አሏት። እንስራዋን አዝላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የሆነው ለጠላት አይስጥ፤ ወይም ይስጥ፣ ሽማግሌው ወፈሩ። ብርቄ ጧት እግራቸውን ታጥባለች። አስማረ «በደንብ አልታጠበም» ብሎ ከሰዓት ያጥባል። እሷ ዶሮ ስትሠራ እሱ በግ ያርዳል። አንዱ ሌላው ሽማግሌውን እንዳያባብል ብለው አንድ ክፍል ውስጥ ተፋጠው ያድራሉ። የአንዱን ወጥ ሌላው «መርዝ ይኖረው ይሆን» ብሎ አስቀድሞ ስለሚቀምስ፣ እነሱም ወፈሩ።

«እንደምን ነዎት አያ?» ብዬ ልጠይቃቸው ብገባ፣ አያ ገሠሠ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ደህና ነኝ። እግሬ ብቻ ከመታጠብ ብዛት ሊያልቅ ነው።»

ሁለተኛው ደንበኛዬ ዓይናቸው የጠፋ የድጓ መምህር ነበሩ። ላቀች እንስራዋን ገና ሳታወርድ የወንድማቸው ልጆች ከነሚስቶቻቸው ከተፍ አሉ። ሦስተኛዋም እንዲሁ። ላቀች የረገጠችበት ቤት ሁሉ ዘመድ ይፈላበት ጀመር። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ የጀመረችውን ሥራ ሳትጨርስ እየተባረረች ተቸገረች።

ሽማግሌዎቹ ከእኔ ቀድመው ነቁ። አንዲት የቅዳሜ ገበያ ባልቴት እንዲህ ብለው ላኩብኝ፦ «ያችን ሴት እንስራዋን አስይዘህ በደጄ አሳልፍልኝ። መግባት አያስፈልጋትም። ልጆቼ እንዲያዩዋት ብቻ ቆም ትበል።» ላቀች ሄደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች። የባልቴቷ ልጆች በዚያው ሳምንት ጣራውን ከደኑ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ የማከራየው ለካ ረዳት አይደለም፤ ጥርጣሬ ነው። በዕድሜዬ ሁሉ በነጻ ስበትነው የኖርሁትን ነገር በዋጋ የሚፈልገው መገኘቱ አኮራኝ።

ይህን ሁሉ ለእማሆይ እያወራሁ እሳት እጭራለሁ። «ዛሬስ የማን ዘመድ መጣ?» ይሉኛል ገና ደጁን ሳልፍ። እነግራቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። አንድ ቀን ግን ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዞሩ።

«ለእኔስ» አሉ፣ «ለእኔስ ማን ይጠረጥርልኛል?»

እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ፍሙን ትቼ ወጣሁ፤ ነገሩ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ አስማረ ተጨነቀ። ሳንጃ ካልወረደ ሰሊጡ ይረግፍበታል። ከወረደ ደግሞ ብርቄ አለች፤ ከብርቄ የባስሁ እኔ አለሁ። አንድ ቀን በአራዳ መንገድ ስሄድ ከኋላዬ «በሕግ አምላክ! ቁም!» አለኝ። ቆምሁ። የጋቢዬን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠረው። ይህ ቁራኛ የድሮ ሥርዓት ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ዛሬ ቀርቷል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ አስማረ አልሰማም። በገበያው መሐል እንደ ተጠመዱ በሬዎች ስንሄድ ሰው ሁሉ «ምን ሰርቆ ነው?» ይላል። «ሽማግሌ» ይላል አስማረ።

አጥቢያ ዳኛው ከዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። አስማረ ተናገረ። «ጌታዬ፣ ይህ ሰው አጎቴን በሽሮ ሊወርስብኝ ነው።»

ዳኛው አዩኝ። እንደ እኔ ያለ ጠርጣራ ዓይን መሆኑን ወዲያው አወቅሁ።

«አንተ ከዚህ ሥራ ምን ታገኛለህ?»

«ሽማግሌው ይረዳሉ፤ ሴትዮዋ እንጀራ ትበላለች፤ እኔም ጥቂት...»

«ጥቂት የሚል ሰው ብዙ ነው የሚፈልገው» አሉና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመሩ። «ያችን ሴት ወደ አማቴ ሰፈር እንዳታደርሳት።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እንግዲያውስ ማል!»

ማልሁ። ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት፣ «አያ ገሠሠንም ሆነ በጎንደር ያለ ሌላ ሽማግሌ ጦሬያለሁ ብዬ ብወርስ እንደ ይሁዳ እንደ አርዮስ ያድርገኝ» አልሁ። ሕዝቡም «አሜን» አለ። ቋጠሮው ተፈታ። እኔ እውነተኛነቴ ስለተመሰከረልኝ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። ሰው የማይጠረጥረኝ ስሆን የመጀመሪያዬ ነበር።

አስማረ በዚያው ቀን ሳንጃ ወረደ። እሱ ከሄደ ብርቄም አዘዞ ተመለሰች። የመምህሩ የወንድም ልጆች ለእርሻ ወጡ። የባልቴቷ ልጆች የጀመሩትን አጥር ሳይጨርሱ ጠፉ። ወሬው በአንድ ገበያ ቀን አገሩን አዳረሰ፦ ጧሪ አከራዩ ምሏል፤ የሚያሰጋ የለም።

አያ ገሠሠ አስጠሩኝ። ስገባ ምድጃው ቀዝቅዟል። ራስጌያቸው ላይ የሻይ ቤቱ ደረቅ ዳቦ አለ።

«ምነው ልጄ፣ ምነው ማልህብኝ?» አሉ። «በጥርጣሬ ነበር እኮ የምበላው።»

«ዋሽቼ ልቀመጥ ነበር አያ?»

«ማን ዋሽ አለህ። ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

እንዲያ ያለ ኀዘን ተሰምቶኝ አያውቅም። ሰውን ከረኃብ ያወጣው ክፉ ስሜ ነበር፤ መልካም ስሜ ረኃብ ላይ መልሶ ጣለው። ሰሌዳዬን አወረድሁና ላቀችን «ሥራው አበቃ፤ ማልሁ» አልኋት።

«የማሉ አንቱ» አለች። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

እንስራዋን አዝላ ወጣች። መንገድ መንገዱን «አያ ገሠሠ ዘንድ ነኝ!» እያለች፣ ለሚጠይቃትም ለማይጠይቃትም እየነገረች ሄደች። ብርቄ በማግስቱ እያለቀሰች ገባች። አስማረ ሰሊጡን ለቀን ሠራተኞች ጥሎ በማኪና ደረሰ። ላቀችን «አንቺም ማይ!» ቢላት ቀና ብላ አየችው።

«ምን ብዬ ነው የምምል? እናንተ ከጦራችሁ እሄዳለሁ፤ ካልጦራችሁ እመጣለሁ» አለችው።

ይህን የሚያስር ዳኛ በጎንደር አልተገኘም። ሥራው የእሷ ሆነ፤ እኔ አጃቢ ሆንሁ። ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ጠገቡ።

ያን ጊዜ እማሆይ በአጥሩ ላይ ተጣሩ። እሳት ጫርልኝ አላሉም። «ላቀችን አምጣልኝ» አሉ።

ላቀች ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጧት የሚጠራኝ የለም። እሳቱን የምትጭር እሷ፣ ውሃውን የምትቀዳ እሷ። የተመኘሁት ይኸው አልነበረም? እኔ ግን በየማለዳው ነቅቼ ጆሮዬን ወደ አጥሩ አዘነብላለሁ። ምነው አይጣሩም? ምን አስቀየምኋቸው? ላቀች ምን አለቻቸው? ስጠረጥር እውላለሁ።

አንድ ቀን ላቀች ራሷ መጣች። ፊቷ ከብዷል።

«ምግብ አይቀምሱልኝም» አለች። «ደጁን ሲያዳምጡ ይውላሉ። ኮሽ ባለ ቁጥር 'ማነው? የእኔ ሰው መጣ?' ይላሉ። ሰው የለም ስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የሌላው ሽማግሌ ሁሉ ዘመድ ሲመጣ ሰምተው የእሳቸውም የሚመጣ መስሏቸው ነው ያስጠሩኝ። እንዲህ ከሰነበቱ አይተርፉም።»

የሚመጣላቸው ከየት ይምጣ? ልጃቸው በረሃ ቀርቷል። ቤታቸው የምታፈስስ ጎጆ ናት፤ ማን ይፎካከርባታል? ለእሳቸው የሚጠረጥር በጎንደርም በሳንጃም የለም። በጎንደር የታወቀ አንድ ጠርጣራ ያለው እኔው ነኝ።

ጋቢዬን አጣፋሁና አጥሩን ዞርሁ። ደጃቸው ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽሁ፤ ራሴን እስኪያስደነግጠኝ። «እኔ ሥጋ ዘመዳቸው ሳለሁ ይህች ሴት በዚህ ቤት ምን ትሠራለች? ለምንድን ነው የምታበስል? ቤቱን ልትወርስ ነው?»

ሰፈሩ ወጣ። ላቀች መጀመሪያ እንደ እብድ አየችኝ፤ ኋላ ገባትና ወገቧን ይዛ ጮኸች።

«አንቱ ማን ነዎት? እስከ ዛሬ የት ነበሩ?»

«የት ብሆን ምን ቸገረሽ! እኔ በሕይወት እያለሁ ባዳ አይጦራቸውም!»

ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ነገሩን አበላሸሁት፣ አስቀየምኋቸው አልሁ። ቆይቶ ድምፃቸው መጣ፤ ቀጭን ነው፣ ግን እንደ ድሮው ነው።

«ላቀች! ማነው እሱ?»

«ዘመድ ነኝ ይላል እማሆይ።»

«እንዴት ያለ ዘመድ?»

«ጠርጣራ።»

እማሆይ ድምፄን እንደለዩት አውቃለሁ። ስንት ዘመን ገሌን ይዤ የተመላለስሁበት ደጅ ነው፤ እንኳን ድምፄን ኮቴዬን ይለያሉ።

«እስቲ ጥቂት ይጩህ» አሉ ከዚያ። «እነ ብርቄ ዘንድ እንዲሰማ።»

ጮኽሁ። ዕድሜ ልኬን እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ጎረቤቱ «አፈር ይብላ፣ መሐላውን ሊያፈርስ ነው፤ ለዚች ጎጆ!» ይላል። አንዱ ወደ ዳኛ እንሂድ አለ። ሌላዋ «እኔ እየመጣሁ እጠብቃቸዋለሁ፤ መነኩሲቷን ብቻቸውን አልተውለትም» አለች። እሷም፣ ሌሎቹም፣ እኔን ለመሰለል ያን ቤት በየተራ መጠየቅ ጀመሩ። መሶብ ያልያዘ አልመጣም፤ ባዶ እጁን የመጣ ሰላይ ያስጠረጥራላ።

ድምፄ ሲሰልል እማሆይ ደግመው ተጣሩ።

«ላቀች፣ አስገቢው። ከሞትሁም በልቼ ልሙት፤ ምሳዬንም አቅርቢ።» ስገባ ፊታቸው ከግድግዳው ዞሯል። እጃቸውን ዘርግተው እጄን ፈልገው ያዙ። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ምነው እንዲህ ዘገየህ? ስንት ቀን ነው በሌላ ሰው እሳት የምሞቀው።»

ዳኛው ይህን ሰምተው ኋላ አስጠርተውኝ ነበር። «ምለህ አልነበረም?» አሉኝ። ምያለሁ ጌታዬ፣ አልኋቸው። ላልወርስ ነው የማልሁት፤ እሳት ላልጭር አልማልሁም።